ኢንሱሊኗን ይዛ የምትሄድ ባለታሪክ፦ ከሕመም ጋር ለሚኖር ልጅ ምናባዊ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

በክትትል ቀን ወረፋ ስንጠብቅ ለልጄ ከደብተር ላይ ታሪክ አነብላታለሁ። አጠገባችን የሚቀመጡ እናቶችና አባቶች ጆሯቸውን ጣል ያደርጉና መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «እኔስ ለልጄ እንዴት ልጻፍለት?» በቃል ስመልስ ሁልጊዜ ግማሹን እረሳዋለሁ፤ ስማችን ሲጠራም ወሬው ይቋረጣል። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩላችሁ።

መመሪያው ከ7 እስከ 11 ዓመት ለሆኑ ልጆች ነው። እቤታችን ያለው ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ስለሆነ አብዛኛው ምሳሌዬ ከዚያ ነው። አስም፣ የሚጥል በሽታና የሩማቲክ ልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆችም ስለሚጠይቁኝ፣ አሠራሩ በሚለይበት ቦታ ላይ እነሱንም አነሣለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ 50 ሉክ ደብተርና እርሳስ ከነላጲሱ። በእስክሪብቶ አትጀምሩ፤ ልጁ ብዙ ያስጠፋችኋል።
- የልጁ የክትትል ደብተር ወይም ካርድ።
- ሰዓት መቁጠሪያና ድምፅ መቅጃ ያለው ስልክ።
- ለመጨረሻው ሥራ 4 የኤ4 ወረቀት፣ ወፍራም ክርና መርፌ።
- ከለር። ይህ የልጁ ድርሻ ነው፤ እናንተ አትንኩት።

ጊዜው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ሌሊት የጻፍኩት የመጀመሪያ ታሪኬ ተረት ሳይሆን ምክር ሆኖ ነበር፤ ልጄ ሁለተኛ ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ደረጃ 1፦ የሕመሙን ሕግ በአንድ ገጽ ጻፉ

ታሪክ ከመጀመራችሁ በፊት ሕመሙ እንዴት እንደሚሠራ ከ5 እስከ 7 አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የምናባዊ ዓለም ሕግ የሚነሣው ከዚህ ገጽ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ጣቱን የሚወጋ ልጅ ስህተቱን ወዲያው ይይዛል፤ አንዴ ከያዛችሁ ደግሞ የሚበረውን አንበሳም አያምንላችሁም።

የእኛ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራት አቁሟል። ኢንሱሊን አይዋጥም፤ ሆድ እንደ እንቁላልና እንደ ሥጋ ይፈጨዋል፤ ስለዚህ በመርፌ ይሰጣል። መለኪያው ከ70 mg/dL በታች ሲያሳይ የደም ስኳር ወርዷል። ሲወርድ በፍጥነት የሚሠራ ስኳር ይወሰዳል፤ ለትልቅ ልጅ 15 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ፤ ለትንሽ ልጅ ያነሰ። ከዚያ 15 ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይለካል። ራሱን ለሳተ ልጅ ምንም ነገር በአፉ አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ለአስም፦ የአየር ቧንቧው ይጠባል። ሲያፍን የሚሳበው ፓፍና በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ የተለያዩ ናቸው። ፓፉ ከመሳቡ በፊት ይናወጣል፣ አንድ በአንድ ነው የሚነፋው፤ በስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል በሚገባው ባዶ ዕቃ) ሲሆን ወደ ሳንባ የሚደርሰው ይበዛል። ስፔሰር ከሌለ ባለሙያ ባሳያችሁ መንገድ ከ500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ መሥራት ይቻላል።

ለሚጥል በሽታ፦ አንጎል ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መልእክት ለጥቂት ጊዜ ይረበሻል። ልጁ በጎኑ ይተኛል፣ አፉ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ሰዓት ይያዛል፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት። መድኃኒቱ በድንገት አይቋረጥም።

ለሩማቲክ ልብ፦ የጉሮሮ ቁስለት ያስነሣው የሰውነት መከላከያ የልብን በሮች ጎድቷል። ድጋሚ እንዳይጎዳቸው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፤ ለዓመታት።

ገጹን በሚቀጥለው ቀጠሮ ለነርሷ አሳዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደረጃ 2፦ ልጁን ሦስት ነገር ጠይቁ

«ምን ያስጠላሃል? ምን ያስቅሃል? አንድ ቦታ ብቻህን መሄድ ብትችል የት ትሄዳለህ?» ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ አትጠይቁ፤ ምርመራ ይመስለዋል። በእግር እየሄዳችሁ ወይም ሽንኩርት እየላጣችሁ ጠይቁ።

ይህ የሚያስፈልገው የእናንተ ፍርሃትና የልጁ ችግር አንድ ስላልሆኑ ነው። እኔ ስለ መርፌ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጄ የሚያስጠላት ግን መርፌው አይደለም፤ ልደት ላይ ኬክ ሲቆረስ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን ማየቱ ነው። ታሪኩ የተነሣው ከዚያ ነው፦ ሁሉም የሚያፈጥባት ከተማ፣ ሐውልቶቹ ሳይቀሩ።

ደረጃ 3፦ በሩን ምረጡና በእግራችሁ ሂዱበት

ወደ ምናባዊው ዓለም መግቢያው ልጁ የሚያውቀው ቦታ ይሁን። እኛ የመረጥነው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ነው። የቴዎድሮስ አደባባይ መድፍ፣ የራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣ የአራዳ ጊዮርጊስ ደወልም ይሆናል። ልጁ በማግስቱ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ ካየ በሩ ሠርቷል ማለት ነው።

ከዚያ መንገዱን አብራችሁ ሂዱና ደቂቃውን ያዙ። ከጊዮርጊስ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት መውረድና ያንኑ መንገድ መልሶ መውጣት አንድ አይደለም፤ አስም ወይም የልብ ሕመም ላለበት ልጅ ደግሞ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ልጁ የት ላይ እንደቆመ ጻፉ። በታሪኩም እዚያው ይቆማል፣ በዚያ ቦታ ላይ የሚሆን ነገር ስጡት። የኔ ልጅ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ስለምታርፍ መድፉ የሚያወራው እዚያ ነው፤ ወሬኛ ነው፣ ትንፋሿ እስኪመለስ አያበቃም። ፒያሳን በድሮ መልኳ የምታውቁ ሰዎች አንድ ነገር ልበላችሁ፦ የፈረሰውን ሱቅ እየዘረዘራችሁ አትቆዝሙ። ልጁ የሚያውቀው የአሁኑን ነው።

ጊዜውንም ምረጡ። እኔ የምወደው ጳጉሜን ነው። 5 ቀን ብቻ የምትቆይ 13ኛ ወር የተሰጠችን ሰዎች ሌላ የምትሃት በር ፍለጋ መሄድ የለብንም። በሩ ጳጉሜን 1 ይከፈታል፣ መስከረም 1 ይዘጋል፤ አምስት ቀን፣ አምስት ምዕራፍ። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዝናብ ልጆች ይጫወታሉ፤ የታሪኩ መሐል ሲደርስ ዝናቡ ራሱ ይዘንብላችኋል። በ2019 ዓ.ም. ወሯ 6 ቀን ስለምትሆን ለዚያ ዓመት አንድ ምዕራፍ ይጨመራል፤ ልጄ ከአሁኑ ይዛኛለች።

ደረጃ 4፦ ምትሃቱ የማይችላቸውን ሦስት ነገሮች ወስኑ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ደረጃ ነው። («አስማት» የሚለው ቃል እቤታችሁ የሚያስከፋ ከሆነ «ምትሃት» በሉት፤ እኛም የተስማማነው በዚህ ነው።) ምትሃቱ ድንጋይ ያናግር፣ ሰው ያብርር፣ ቀን ያስረዝም። የሚከተሉትን ግን አይችልም።

ሀ) *ሕመሙን አያድንም።* መጨረሻ ላይ ወርቃማ ውኃ ጠጥታ የዳነች ባለታሪክ ለአንባቢዋ የምትነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንቺ ያልዳንሽው ውኃውን ስላላገኘሽ ነው። አደጋም አለው። ኢንሱሊን ያቆመ ልጅ በቀናት ውስጥ ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ይታመማል። በእኛ አገር «ጠበል እስክንጨርስ መድኃኒቱን ተው» የተባለ ልጅ አጠገባችሁ ባለው ወንበር ላይ ሊኖር ይችላል። በታሪኬ ውስጥ ልጅቷ ጠበል ትጠመቃለች፤ ወጥታ ፀጉሯን ታደርቅና ሰዓቷ ሲደርስ መርፌዋን ትወጋለች። በሁለቱ መካከል ምንም ማብራሪያ አልጻፍኩም።

ለ) *መድኃኒቱን አይተካም።* የብርሃን ጦር፣ የማር ጠብታ፣ የመልአክ ላባ እያላችሁ ኢንሱሊኑን ስም አትለውጡበት። ብልቃጡ ብልቃጥ፣ ሲሪንጁ ሲሪንጅ ይሁን። ልጁ በታሪኩ ውስጥ ማግኘት የሚፈልገው ቦርሳው ውስጥ ያለውን ራሱን ዕቃ ነው። ምትሃቱ ማገዝ ግን ይችላል፤ ሸክላው ብልቃጡን ያቀዘቅዛል፣ አንበሳው ሰዓቱን ያስታውሳል።

ሐ) *የሕመሙ መነሻ አይደለም።* እርግማን፣ ቡዳ፣ ዓይን፣ ዛር አይነካካውም። የአማርኛ ተረት የሚያስፈራ ነገር ሲፈልግ እጁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ጅብና ወደ ቡዳ ነው፤ ለሌላ ታሪክ ጥሩ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ግን ይህንኑ ቃል ጎረቤት ሲያንሾካሹክ ሰምቶታል። እናቱ በጻፈችው ታሪክ ውስጥ ከደገመችው ሐሜቱ እውነት ሆነ ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ቦርሳውን ቁጠሩ

ባለታሪኳ አምስት ቀን ትቆያለች። ምን ይዛ ትሄዳለች? ከልጁ ጋር ዘርዝሩ፣ ከተቻለ እውነተኛውን ዕቃ ወለል ላይ ደርድሩ። በቀን 4 ጊዜ የምትለካ ከሆነ 20 ስትሪፕ (የስኳር መለኪያው ላይ የሚሰካው)፣ መሬት ለሚወድቀው ጥቂት ጭማሪ፣ ሲሪንጅ፣ ጥጥ፣ ስኳር፣ ብስኩት። የተከፈተ ብልቃጥ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ለአራት ሳምንት ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ይጣላል። ስለዚህ የበረዶ ቤተ መንግሥት ልትጽፉ ካሰባችሁ ብልቃጡ በልጅቷ ሸሚዝ ሥር መሆን አለበት። ይህን ያስተዋለችው ልጄ ናት፤ እኔ ቤተ መንግሥቱን በሙሉ ጽፌ ጨርሼ ነበር።

ደረጃው የሚጠቅመው ሁለት ጊዜ ነው። ታሪኩ ከቦርሳው የራሱን ችግር ያገኛል (ስትሪፑ ሁለት ቢቀርስ?)፤ ልጁም ሳያውቀው የጉዞ ዕቃውን ማዘጋጀት ይለማመዳል።

ለሩማቲክ ልብ ቦርሳ የለም፣ ቀጠሮ ነው ያለው። ልጁ «ካላመመኝ ለምን እወጋለሁ?» ስለሚል፣ ጠላት በማይታይበት ቅጥር ላይ የሚቆም ዘበኛ ጻፉ። መርፌው በየ28 ቀኑ ከሆነ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ዘበኛው በየወሩ ሁለት ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ መስከረም 20፣ ጥቅምት 18፣ ኅዳር 16 እያለ። ልጁ የሚቀጥለውን ቀን ራሱ ቆጥሮ ያገኘዋል፤ ምሥጢራዊ ቁጥር ይሆንለታል።

ደረጃ 6፦ ጠላቱን ከሕመሙ ለዩ

«ስኳር የሚባል ጭራቅ ነበር» ብሎ መጀመር ወላጅ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ስኳሯ ሲወርድ የሚያነሣት ያው ስኳር ስለሆነ ሕጋችሁ ገና ከመጀመሩ ይፈርሳል። ጭራቁ ሰውነቷ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጭራቁ ቤት እሷ ናት፤ ማታ ያንን እያሰበች ትተኛለች። ጠላቱ የራሱ ጉዳይ ያለው ሌላ ፍጡር ይሁን። የእኛ ጠላት ጳጉሜን እንዳታልቅ፣ አዲስ ዓመት እንዳይገባ በሩን ይዞ የሚቆም ጥላ ነው። ስለ ልጅቷ ቆሽት ምንም አያውቅም፤ ግድም የለው።

ደረጃ 7፦ ሕመሙ አንድ ጊዜ፣ በማይመች ሰዓት ይምጣ

በየምዕራፉ ከመጣ ታሪኩ የሕክምና ካርድ ይሆናል፤ ጭራሽ ካልመጣ ውሸት ነው። እኔ የምጠቀመው አራተኛውን ምዕራፍ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ይህ ነበር፦

*«ትርሲት በድንገት ደከማት። ነገር ግን ጀግና ስለነበረች ድካሟን አሸንፋ ወደ ፊት ሮጠች።»*

ስኳሩ የወረደ ልጅ ሮጦ አያሸንፍም፤ ይወድቃል። ይህን ያነበበ ልጅም ጨዋታ ላይ ሲያንቀጠቅጠው ዝም ብሎ ይሮጣል። ያስተካከልኩት እንዲህ ነው፦

*«ደረጃው ሁለት ሁለት ሆኖ ታያት። የአንበሳው ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰላት። ብርድ ነው፣ አንገቷ ግን አልቦታል። ‹ምን ታፈጥብኛለህ!› ብላ ጮኸችበት። አንበሳው አልተቆጣም። ‹ቦርሳሽን ክፈቺ› አላት። ጣቷን ወጋች፤ 58። ስኳሩን በውኃ በጥብጣ ጠጣች። ‹አሁንስ?› ‹አሁን 15 ደቂቃ እንቀመጣለን።› ‹ጥላው እየመጣ ነው እኮ!› ‹ይምጣ። ተቀምጠን ያገኘናል።›»*

ሁለተኛው ላይ የተደረገውን ልብ በሉ። «ደከማት» የሚለው ቃል የለም፤ ልጁ የሚያውቃቸው ምልክቶች አሉ፣ በተለይ ቁጣው። ስኳር ሲወርድ ልጅ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፤ ብዙዎቻችንም ስለ ጠባይ እንቆጣዋለን። እኔም ተቆጥቻለሁ። የአንበሳው አለመቆጣት የተጻፈው ለእኔ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ሙሉ ነው። እነዚያን 15 ደቂቃዎች አትዝለሏቸው፤ ጥላው ይድረስ፣ ወሬ ይጀመር፣ እንቆቅልሽ ይጠየቅ። የኔ ጥላ የተሸነፈው በዚህ መቀመጥ ውስጥ ነው፤ የሚሮጥን ነገር እንጂ የሚቀመጥን ማባረር አያውቅበትም።

ደረጃ 8፦ ጓደኛ ስጧት፣ ሥራም ስጡት

ጓደኛው አያዝንላትም፣ አይሰብክላትም። አንድ ትክክለኛ ነገር ማድረግ ይችላል። ይህ ገጽ የሚጻፈው ለክፍል ጓደኞች ጭምር ነው፤ ታሪኩን ወስደው ያነቡታልና።

ለሚጥል በሽታ በጣም ወሳኝ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት የተለመደ ነው። በታሪኩ አንዱ ክብሪቱን ያውጣ፤ ጓደኛው እጁን ይዞ «ተወው፣ ሰዓት ያዝ» ይበለው፤ በጎኗ ያስተኛት፣ ሹራቡን ከራሷ ሥር ያድርግ። ስትነቃ «ምን ሆንኩ?» ትበል፤ እሱም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገራት። ከዚያ ታሪኩ ይቀጥል።

ደረጃ 9፦ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሰርዙ

በስልካችሁ ቅዱትና መልሳችሁ ስሙት። «ምስኪን»፣ «የታመመችው ልጅ»፣ «ምንም እንኳ ሕመምተኛ ብትሆንም»፣ «ልዩ ስጦታ» የሚሉትን አውጡ። የመጨረሻው ብዙ ወላጅ ያስከፋዋል፤ ደግ ቃል ይመስላልና። ሕመሙን ስጦታ ያላችሁት ልጅ ግን «እንኪ፣ አንቺ ውሰጂው» ሊላችሁ ይችላል፤ እኔ ተብያለሁ።

አዘጋጁ ልጁ ነው። «ይህ እንዲህ አይሆንም» ያለበትን ሁሉ አትከራከሩ፣ አጥፉ።

ማስጠንቀቂያ

- የኢንሱሊንም ሆነ የሌላ መድኃኒት መጠን በታሪኩ ውስጥ በቁጥር አትጻፉ። የአንዱ ልጅ መጠን ለሌላው አደጋ ነው፤ ደብተሩም ከእጅ እጅ ይዞራል። የመለኪያው ውጤት ይጻፍ፣ የመርፌው መጠን ግን «ሐኪሟ የነገራትን ያህል» ይባል።
- የልጁን ስም ለባለታሪኩ አትስጡ። ሌላ ስም ሲሆን ልጁ ከፈለገ «ይህ እኔ አይደለሁም» ማለት ይችላል።
- ያለ ልጁ ፈቃድ ለአስተማሪ፣ ለዘመድ ወይም በቴሌግራም አትላኩ።
- በንባብ መሐል «እኔስ እሞታለሁ?» ሊል ይችላል። ደብተሩን ዝጉና ራሳችሁ መልሱ፤ መልሱን ለአንበሳው አትስጡት።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሐኪሙን ጠንቋይ ወይም ንጉሥ ማድረግ፤ ልጁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ያፍራል፣ ወይም ተአምር ይጠብቃል። እናትን ማስወጣት፤ በተረት ደንብ ወላጅ ይጠፋል፣ ሕመም ያለበት ልጅ ግን «ማን ይወጋኛል?» ብሎ ሌላውን አይሰማችሁም፤ ራሷ መውጋት የምትችል ባለታሪክ ካልሆነች የሚያግዛት ትልቅ ሰው ይኑር። ሌላው፣ መጨረሻውን በጭብጨባ መዝጋት። የእኛ ታሪክ መስከረም 1 ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ በሩ ተዘግቷል፣ አበባየሆሽ ከውጭ ይሰማል፣ ልጅቷ ከቁርስ በፊት ጣቷን ትወጋለች።

ከዚያ ለወጉ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብዬ ጻፍኩበት። ልጄ አነበበችና «ዳቦው ስንት ግራም ነው?» አለች። ጥያቄው እንዳለ ከሥሩ ተጽፏል።

ደረጃ 10፦ መጽሐፍ አድርጉት

አራቱን ወረቀት አንድ ላይ ደርባችሁ መሐል ለመሐል እጠፉ፤ 16 ገጽ ይሆናል። በታጠፈው ላይ ገጾቹን በእርሳስ ከ1 እስከ 16 ቁጠሩና ፍቷቸው። አንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን የወደቁት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ ሁልጊዜ 17 ይሆናሉ፤ 16 ከ1፣ 2 ከ15፣ 14 ከ3። ካልሆኑ አንዱ ወረቀት ተገልብጧል ማለት ነው። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ጽሑፉን ገልብጡ። ገጽ 1 ሽፋን ነው፣ ታሪኩ ከ2 እስከ 14 ይሄዳል፣ 15 እና 16 ባዶ ይቆያሉ። ለልጁ ናቸው።

በመርፌ እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፣ በክር ስፉትና ከውስጥ ቋጠሩት። ስቴፕለር እዚህ አልወድም፤ ሽቦው ይዝጋል፣ ትንሽ እጅም ይቧጭራል። ከመስፋታችሁ በፊት ግን አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ግራና ቀኙን አስገልብጡና አንድ ቅጂ አስቀሩ። የመጀመሪያውን መጽሐፋችንን ታክሲ ውስጥ ረስተነዋል፤ ልጄ እስከ ዛሬ ማን እያነበበው ይሆን ትላለች።